ሽፈራው አይደለሁም

ይህ ነገር የደረሰብኝ ባለፈው ዓመት፣ ክረምቱ ሊገባ ሲል ነው። ባሮ ገና አልሞላም ነበር፤ ሙቀቱ ግን ጋምቤላን እንደ ድስት ከድኖ ይዟት ነበር። እኔ ብዙ አልተማርኩም። ፊደል ያስቆጠረኝ የደርግ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው፤ ስለዚህ አጻጻፌ ቢንዛዛ አትፍረዱብኝ። ነገሩ ግን እንጨት ስልግም፣ ጸሎት ላይ ስሆንም፣ ምግብ ሲቀርብልኝም እየመጣ ፊቴ ይቆማል። ብጽፈው ይቀለኝ እንደሆነ ብዬ ነው።

ትውልዴ ከምባታ ነው። ወደዚህ የመጣሁት በሰፈራ፣ ከታላቅ ወንድሜ ከላምቤቦና ከሚስቱ ከእትዬ ወርቅነሽ ጋር ነው። ከአቦቦ ወዲያ ባለ አንድ መንደር አሰፈሩን። እኛ ከአገራችንም የወንጌል አማኞች ነበርን፤ እንደ ደረስን ከጭቃ ጸሎት ቤት ሠራን። ብዙም ሳይቆይ ታሸገና የእህል መጋዘን ሆነ። «መጤ ሃይማኖት» እየተባልን በየስብሰባው ተሰደብን። ከዚያ በኋላ ተሰብስቦ መቀመጥ ተከለከለ። ለቅሶ ሲሆን ብቻ ዝም ይሉ ነበር። ለቅሶን ማን ይከለክላል?

አማኞቹ ታዲያ መላ ዘየዱ። ሩቅ አገር ያለ የእገሌ ዘመድ ሞተ ተብሎ ይወራል። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ወንዶቹ አንገታቸውን ደፍተው ወደዚያ ቤት ይገባሉ። ውስጥ ይጸለያል፣ መዝሙርም በለሆሳስ ይዘመራል። በር ላይ የምትቀመጥ ሴት ካድሬ ወይም ሚሊሻ ሲመጣ ካየች «ወየው! ወየው!» ብላ ትጮሃለች፤ ያን ጊዜ ውስጥ ያለው መዝሙር ወደ እንጉርጉሮ ይለወጣል። ዛሬ ሳስበው ያስቀኛል። የእነ አባ እገሌ አጎት ስንት ጊዜ እንደ ሞተ እኛም አናውቅ።

ላምቤቦ ግን ደስ አይለውም ነበር። «ሰው ሳይሞት ተለቅሶ፣ በሱ ላይ ጸሎት! እግዚአብሔር ምን ይለናል?» ይል ነበር። ቢሆንም ይመጣል፤ ሌላ መሰብሰቢያ የለማ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ እኔ እርሻ ላይ ሳለሁ ጓድ ዘለቀ ራሱ መጣ። ጓድ ዘለቀ የሰፈራ ጣቢያው ካድሬ ነበር። ሽፈራው የሚባል ሚሊሻ ከኋላው ተከትሎታል። የሆነውን የነገረችኝ እትዬ ወርቅነሽ ናት። በር ላይ የነበረችው ሴት እንደ ልማዷ ጮኸች፣ ሁሉም እንጉርጉሮውን ያዘ። ጓድ ዘለቀ መሃል ቆመና «ማነው የሞተው?» አለ። አንዲት ባልቴት «አጎቴ ነው» ልትል አፏን ስትከፍት፣ ጓድ ዘለቀ ወደ ላምቤቦ ዞረ። «አንተን ነው የጠየቅኩት። ማን ነው የሞተው?»

ወንድሜም ተነሥቶ ቆመና፣ «ማንም አልሞተም ጓድ። እየጸለይን ነው» አለ።

በቃ፣ ይኸው ነው። ሌላውን በዱላ በተኑት፣ እሱን ወሰዱት። «ክጃለሁ በልና ወደ ሚስትህ ግባ» ተብሎ ነበር፤ አብሮት ታስሮ የተፈታ ሰው ነግሮናል። አንዲት ቃል ብቻ ነበር የሚፈልጉት። አላላትም። እትዬ ወርቅነሽ በየቀኑ ምግብ ታመላልስ ነበር። ከዕለታት አንድ ቀን ሽፈራው ሳህኑን እንደ ተከደነ መለሰላት። «ከእንግዲህ አታምጪ።» «ተዛወረ እንዴ?» ብትለው «አታምጪ ተብለሻል!» አላት። ከዚያ ወዲህ ስለ ወንድሜ የሰማነው ነገር የለም።

እሷም ለቅሶ አልተቀመጠችም። «ሬሳ ሳላይ፣ መቃብር ሳይኖረው፣ ማን ሞተ ብዬ ልቀመጥ?» አለች። የአገራችን ሽማግሌዎች የወንድምህን ሚስት ውረስ ብለው ሲመጡ እሷ ከጓዳ ወጥታ «ባሌ መሞቱን የነገራችሁ ማን ነው? እኔም ልስማው» አለቻቸው። ሽማግሌዎቹም ጎንበስ ብለው ሄዱ። እኔ ኋላ ሌላ አገባሁ፤ ሚስቴ ካረፈች ወዲህ እትዬ ወርቅነሽና እኔ አንድ ግቢ ውስጥ፣ በየቤታችን እንኖራለን። ሽፈራው መንግሥት ሲለወጥ ወደ ሱዳን ተሻግሮ እዚያው ሞተ ሲባል ሰማን። ጓድ ዘለቀ የት እንደ ገባ ማንም አያውቅም ነበር።

አሁን ወደ ባለፈው ዓመት ልመለስ።

እኔ አናጺ ነኝ። አልጋ፣ አግዳሚ፣ ሲያስፈልግም የሬሳ ሳጥን እሠራለሁ። አንዲት ነርስ መጣች፤ ሲስተር መሠረት ትባላለች፣ ጀዊ የስደተኞች ካምፕ ነው የምትሠራው። ጨዋ ልጅ ናት። «ጋሼ፣ አባቴን ከመቲ አምጥቻቸዋለሁ። ማስታወስ ተስኗቸዋል፣ ሌሊት ሌሊት ከአልጋ ይወድቁብኛል። እንደ ሕፃን አልጋ ጎንና ጎኑ ከለላ ያለው ይሠሩልኝ» አለችኝ። «ስንት ዓመት ኖረው ነው ሕፃን የሆኑት?» ብላት ሳቀች። ጥሩ ዋንዛ ነበረኝ፣ በሱ ሠራሁላት።

አልጋውን በጋሪ አስጭኜ ያደረስኩት እሑድ ከሰዓት ነው። ከቤቷ ጀርባ የኑዌር አማኞች ጸሎት ቤት አለ፤ ከበሮ እየመቱ ይዘምሩ ነበር። እኔ ጎንበስ ብዬ ብሎን ሳጠብቅ፣ ጥጉ ላይ ወንበር ላይ የተቀመጠው ሽማግሌ ድንገት በከዘራው መሬቱን መታና ጮኸ።

«ዝም በሉ! ተበተኑ ብያለሁ! ማን ፈቀደላችሁ?»

መፍቻው ከእጄ ወደቀ። ፊቱን አላወቅኩትም፤ ጥርስ የለው፣ ጉንጩ ገብቷል። ያን ድምፅ ግን በየስብሰባው ስንት ጊዜ ሰምቼዋለሁ።

ሲስተር መሠረት ተሳቀቀች። «ይቅርታ ጋሼ። መዝሙር ሲሰሙ እንዲህ ይሆናሉ። እኔ ኦርቶዶክስ ነኝ፣ የኔንም ጸሎት አይወዱትም።»

«አባትሽ ስማቸው ማን ነው?» አልኳት። «ዘለቀ» አለችኝ።

ሽማግሌው ያን ጊዜ አየኝ። ትኩር ብሎ ካየኝ በኋላ ፊቱ ፈታ አለ። «ሽፈራው! ዘገየህሳ። ና ቅረብ።»

ልጅቷ ሹክ አለችኝ፦ «እሺ ይበሏቸው ጋሼ። እኛ ከበሽታው ጋር አንከራከርም።» እኔ ግን እሺም እምቢም ማለት አቃተኝ። ቀረብኩ እንጂ። ሽማግሌው ክንዴን ያዘና ወደ ጆሮዬ ተጠግቶ፣ «ያን ለቅሶ ቤት የያዝነውን ጴንጤ በደንብ ቀብራችሁታል? ጅብ እንዳያወጣው። ቦታውን ለሚስቱ እንዳትናገር፣ ሄዳ መሳለሚያ ታደርገዋለች» አለኝ።

እንዴት እንደ ወጣሁ አላውቅም። የሠራሁበትን ዕቃ እንኳ ሳልሰበስብ ነው የሄድኩት።

ለእትዬ ወርቅነሽ ወዲያው አልነገርኳትም። መንገድ ሁሉ ልነግራት እያሰብኩ ሄድኩና፣ ስደርስ በረንዳዋ ላይ ዓሣ ስትገፍፍ አገኘኋት፤ ሰላም ብዬ አለፍኩ። ማግስቱን ግን ራሷ መጣች። «ምን ሆነሃል? ትናንት ሰላም ስትለኝ ፊትህን አዙረህ ነው» አለችኝ። ነገርኳት። ሞቷል የሚለው ከካድሬው ከራሱ አፍ እንደ ወጣ ስትሰማ ታለቅሳለች ብዬ ነበር። አላለቀሰችም። እጇን በቀሚሷ ጠረገችና፣ «ቦታውን ያውቃል ማለት ነው» አለች።

«የሚያውቅ ይመስላል።»

«እንግዲያው ተነሥ። ሂድና ጠይቀው።»

በመጀመሪያ በቀናው መንገድ ሞከርን። ለሲስተር መሠረት ሁሉን ነገርኳት። አባቷ ካድሬ እንደ ነበረ ታውቃለች፣ ይህን ግን አታውቅም። ራሷን ይዛ መሬት ላይ ተቀመጠች። «ጋሼ፣ እኔ እጠይቃቸዋለሁ» አለች፣ ጠየቀችውም። ሽማግሌው ግን ልጁን በእናቱ ስም እየጠራ ወተት አምጪ ይላታል። ስለ ላምቤቦ ብትጠይቀው «የምን ላምቤቦ?» ይላል። እኔ ስገባ ብቻ ነው የሚነቃው። እኔ ስገባ «ሽፈራው!» ይላል። ልጅቷም ያየችውን ነው የነገረችኝ፦ «ለሽፈራው ካልሆነ አይናገሩም። ሽፈራው ነኝ ይበሏቸው፣ ጋሼ። አንድ ጊዜ ብቻ። እኔ ለታመሙ ሰዎች በየቀኑ የምለው ነው፣ ኃጢአት አይመስለኝም።»

እትዬ ወርቅነሽም ይህንኑ አለች። እሷማ አልለመነችኝም፣ አዘዘችኝ። «ሽፈራው ነኝ በለው! ምን ይቀርብሃል? የት እንደ ሆነ ጠቆም አድርገኝ ጓድ፣ ረሳሁት በለው። ያልቃል።»

«እትዬ፣ ውሸት ነውኮ።»

«ለበሽተኛ? ለገዳይ?»

«ላምቤቦ እኮ በምን ምክንያት...»

«አትጨርሳት!» አለችኝ። «እሱ እውነት ተናግሮ እኔን በትኖኝ ሄደ። አንተ ደግሞ ልትደግምብኝ ነው? የናንተን እውነት የምሸከመው ሁልጊዜ እኔ ነኝ?»

ተነሥቼ ወጣሁ።

ወደ ፓስተራችን ሄድኩ። ወጣት ነው፣ ያን ዘመን በወሬ ነው የሚያውቀው። አዳመጠኝና «ጋሽ ሀንዲሶ፣ እኔ ምን ልበልዎ? እርስዎ ያለፉበትን እኔ አላለፍኩም። አብሬዎ እጸልያለሁ» አለኝ። ጸለየልኝ። እንዲህ አድርግ ባይለኝም አልተቀየምኩትም። ስመለስ በባሮ ድልድይ በኩል መጣሁ። ልጆች ይዋኛሉ፣ ሴቶች ልብስ ያጥባሉ። ለብቻዬ እየተናገርኩ ነበር መሰል፣ አንዱ ባጃጅ ነጂ «አባባ፣ ከማን ጋር ነው የተጣላኸው?» ብሎኝ አለፈ።

አንድ ሐሳብ ብቻ አልለቅ አለኝ። ወንድሜ አንዲት የሐሰት ቃል ተናግሮ ቤቱ መግባት ይችል ነበር። ያችን ቃል አልሰጣቸውም። እኔ ያችኑ ቃል ለዚያው ሰው ከፍዬ አጥንቱን ብገዛ፣ ያገኘሁት የማንን አጥንት ነው? እንዲህ እላለሁ። ደግሞ መልሼ፣ ይህቺ ሴት ዕድሜዋን ሙሉ የጠየቀችኝ አንድ ነገር ነው፣ እሱንም ልከለክላት ነው? እላለሁ። እንዲሁ ስዋልል ሰነበትኩ።

በመጨረሻ እትዬ ወርቅነሽ «እኔም አብሬህ እሄዳለሁ» አለች። የሄድን ቀን ነጭ ቀሚሷን ለብሳ ነበር። ሲስተር መሠረት ከሥራ ቀርታ ጠበቀችን። እትዬ ወርቅነሽ በሩ አጠገብ፣ ሽማግሌው በማያያት በኩል ተቀመጠች። እሱ እኔ በሠራሁት አልጋ ላይ ትራስ ተደግፎ፣ አጎበሩ ወደ ላይ ተጠቅልሎ፣ ኮሳሳ ሆኖ ተጋድሟል። እግሩ እንደ እንጨት ደርቋል። አዘንኩለት፤ ይህን ስጽፍ እንድታምኑኝ እፈልጋለሁ፣ አዘንኩለት።

«ሽፈራው» አለኝ በደካማ ድምፅ። «ቦታውን ምልክት አድርገህበታል?»

ወደ አልጋው ቀረብ አልኩ።

«ያ ዛፍ ቢቆረጥስ? ወንዙ ቢወስደውስ? ነግሬህ ነበርኮ፣ እዚያ ማዶ...» ብሎ ቆመ። ዓይኑን አጠበበና አየኝ። ጥርጣሬ ገባው። «አንተ... ሽፈራው ነህ አይደል?»

በሩ ጋ ያለችው ሴት ትንፋሿ ሲቆም ሰማሁ። ሲስተር መሠረት እጇን አፏ ላይ ጫነች። «አዎ» ማለት ቀላል ነበር፤ ራሴን ብነቀንቅም ይበቃ ነበር። ምላሴ ላይ ደርሳ ነበር።

«አይደለሁም ጓድ» አልኩት። «ሀንዲሶ ነኝ። የላምቤቦ ወንድም። ሚስቱም እዚህ አለች። መቃብሩን ልንጠይቅዎ ነው የመጣነው። ልንጎዳዎ አይደለም።»

ለትንሽ ጊዜ፣ እውነቴን ነው የምላችሁ፣ አወቀኝ። ዓይኑ ጠራ። ከኔ አልፎ እትዬ ወርቅነሽን አያት። እሷ ተነሥታ ቆማለች። ከንፈሩ ተንቀጠቀጠ፣ የሚናገር መሰለኝ፣ ጎንበስ አልኩ። እሱ ግን ብርድ ልብሱን እስከ ፊቱ ስቦ ተሸፈነና እንደ ሕፃን ማልቀስ ጀመረ። «እኔ አልነበርኩም! እኔ አልነበርኩም! በሉ አስወጧቸው!» ልጁ አቅፋ ልታባብለው ሞከረች፤ እሷንም ገፋት።

እትዬ ወርቅነሽ ወደ አልጋው ሄደች። ከለላውን በሁለት እጇ ይዛ «ንገረኝ» አለችው። «ምንም አላደርግህም። ወዴት እንደ ሆነ ብቻ። ግራ ነው ቀኝ? በእጅህ አሳየኝ።» ብርድ ልብሱ ይንቀጠቀጣል እንጂ መልስ የለም። ብዙ ለመነችው። እኔ ደጅ ወጣሁ፣ መስማት አልቻልኩም።

ከዚያ በኋላ እኔ ስገባ ሽፈራው ማለቱን ተወ። ሁለት ሦስት ጊዜ ሄጄ ነበር። ሲያየኝ ይሸፈናል። ሲስተር መሠረት «ጋሼ፣ ይጨነቃሉና እባክዎ አይምጡ» አለችኝ፣ ቀረሁ። ክረምቱ ሳይወጣ ሞተ።

ሳጥኑን የሠራሁት እኔ ነኝ። ልጅቷ ሌላ ዘንድ ልትሄድ ነበር፣ አፍራ። እኔ ላክሁባት። በሥራዬ አላጓደልኩም፤ እንጨቱን አስተካክዬ ልጌ፣ ውስጡን በአቡጀዲ አልብሼ ነው የሰጠኋት። ይህን ለመመጻደቅ አይደለም የምጽፈው። እጄን ሥራ ካላስያዝኩት የማደርገውን አላውቅም ነበር።

ቀብሩ ላይ ብዙ ሰው አልነበረም። የልጅቷ የሥራ ባልደረቦች፣ ጎረቤቶች፣ የእድር ሰዎች። ካህኑ ጸሎቱን አደረሱ። ሰዉ መበታተን ሲጀምር እትዬ ወርቅነሽን አየኋት፤ ትመጣለች ብዬ አላሰብኩም ነበር። ከአፈሩ ክምር ራስጌ ቆማ በመስቀሉ ላይ የተጻፈውን በጣቷ እየነካች ታነባለች። ቀረብኩና «እትዬ፣ እንሂድ» አልኳት።

«እሱ ይኸው መቃብር አለው» አለችኝ። ሌላ አልጨመረችም። ብቻዋን ሄደች።

እንዲህ ሆነ። «እዚያ ማዶ» ያለውን ይዤ በጋውን ሙሉ ከአቦቦ ወዲያ ስመላለስ ነበር። መንደሩ ፈርሷል፣ ሣሩ ከሰው ቁመት ይበልጣል። አንድ የአኙዋክ ገበሬ አብሮኝ ዞረ። «ሽማግሌ፣ እዚህ በየት በኩል ነው ማዶው? ወንዙም መንገዱን ቀይሯልኮ» አለኝ። ልክ ነው፤ በየት በኩል ቆሞ እንደ ተናገረ ካላወቅኩ ማዶው የቱ እንደ ሆነ በምን አውቃለሁ? ለእትዬ ወርቅነሽ ስመለስ አልነግራትም፣ እሷም አትጠይቀኝም። ጫማዬ ላይ ያለውን ጭቃ ግን ታያለች።

አልተጣላንም። ምግቤን ትልክልኛለች፣ ስታመም ትጠይቀኛለች። እሑድ አንድ ጸሎት ቤት እንሄዳለን፤ ዛሬ ማንም አይከለክለንም፣ ድምፅ ማጉያ ሁሉ አለን። እሷ በሴቶቹ በኩል፣ እኔ በወንዶቹ በኩል እንቀመጣለን። ወጣቶቹ ዘመዶቻችን ስለ እምነታቸው መከራ ተቀበሉ ብለው በክብር ሲያወሩ፣ አንገቷን አዙራ በመስኮቱ ወደ ውጭ ታያለች።

ትክክል ሠራሁ ብዬ አልጽፍላችሁም። ተሳሳትኩ ማለትም አልችልም። ብዙ ጊዜ አስቤዋለሁ፤ ያ ሰው ዛሬ ተነሥቶ ቢጠይቀኝ መልሴ ያው ነው። እሷ በሩ ጋ ባትኖር ግን እመርጣለሁ።